ማድያት ላለበት፣ ወዛም ለሆነና ቶሎ ለሚቆጣ ቆዳ የትኛው የፀሐይ መከላከያ ንጥረ ነገር ይስማማል?

ጥላዬ (ጥያቄውን ያቀረበች)

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ መድረክ አባላት። ጽሑፎቻችሁን ለረጅም ጊዜ ሳነብ ቆይቼ ዛሬ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ቆዳዬ ጠይም ነው፤ ግንባሬና አፍንጫዬ ከረፋዱ ጀምሮ በወዝ ያበራሉ፣ ጉንጮቼ ግን ፊቴን ታጥቤ ሳልጨርስ ይወጠራሉ። ከሁለተኛ ልጄ እርግዝና ወዲህ በሁለቱም ጉንጮቼና ከላይኛው ከንፈሬ በላይ ማድያት ወጥቶብኛል። ላለፉት ሁለት ዓመታት ኤስፒኤፍ 50 የተጻፈበት የፀሐይ መከላከያ ክሬም አንድም ጠዋት ሳልዘል ብቀባም ማድያቱ አልለቀቀኝም፤ እንዲያውም ዘንድሮ ጠርዙ ይበልጥ ጎልቶ ጠቁሯል።

በእጄ ሦስት ቱቦዎች ስላሉ ከጀርባቸው ያለውን ዝርዝር ገልብጬ አቀርባለሁ። አንደኛው ያለው ማጣሪያ (ጨረሩን የሚያስቀረው ንጥረ ነገር) ዚንክ ኦክሳይድና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ብቻ ነው፤ ቆዳዬን አያስቆጣውም፣ ነገር ግን ፊቴን አመድ የተነሰነሰበት ስለሚያስመስለው ስስ አድርጌ ነው የምቀባው። ሁለተኛው አቮቤንዞን፣ ኦክቶክሪሊን፣ ሆሞሳሌትና ኦክቲሳሌት አለበት፤ ምንም ነጭ ነገር አይተውም፣ ሲያልበኝ ግን ዓይኔን ያቃጥለኛል። ሦስተኛው ቤሞትሪዚኖልና ሌሎች አዳዲስ ማጣሪያዎች ያሉበት፣ ከውኃ ቀጥሎ አልኮል የተዘረዘረበት ቀጭን ጄል ነው፤ ግንባሬ ይስማማዋል፣ ጉንጬን ግን ያደርቀዋል። ሦስቱም ላይ የተጻፈው ቁጥር 50 ነው። ቁጥሩ አንድ ከሆነ ልዩነታቸው ምንድን ነው? እንደ እኔ ላለው ቆዳስ የቱ ይሻላል?

ቀማሚው

እህታችን ጥላዬ፣ ዝርዝሩን ገልብጠው ማቅረብዎ መልሱን በእጅጉ ያቀልልናል። እኔ የምሠራው የቆዳ ቅባቶች በሚቀመሙበት ክፍል ስለሆነ በዚያ በኩል ያለውን ላስረዳ።

በመጀመሪያ ስለ ቁጥሩ። ኤስፒኤፍ የሚለካው በፈቃደኛ ሰዎች ጀርባ ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 2 ሚሊግራም ክሬም ተቀብቶ፣ የተቀባው ቆዳ እስኪቀላ ድረስ የሚያስፈልገው የጨረር መጠን ካልተቀባው ጋር እየተነጻጸረ ነው። ቆዳን የሚያቀላውና የሚያቃጥለው በአብዛኛው ዩቪቢ የሚባለው፣ የሞገድ ርዝመቱ እስከ 320 ናኖሜትር የሚደርሰው ጨረር በመሆኑ፣ ቁጥሩም በዋናነት የሚናገረው ስለ እርሱ ነው። በፈተናው ልክ ሲቀባ ኤስፒኤፍ 15 ከዚህ ጨረር 93 በመቶ ያህሉን፣ 30 ደግሞ 97 በመቶውን፣ 50 ደግሞ 98 በመቶውን ያስቀራል። ከ320 እስከ 400 ናኖሜትር ያለው ዩቪኤ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ቆዳን እምብዛም አያቀላም፤ ነገር ግን ጠልቆ ይገባል፣ በመስኮት መስታወት ያልፋል፣ ለማድያት ዝግጁ የሆነውንም ቆዳ ያጠቁራል። ስለዚህ 50 የተጻፈባቸው ሁለት ክሬሞች በዩቪቢ በኩል እኩል ሆነው በዩቪኤ በኩል ሰፊ ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። ዩቪኤ የሚለው ጽሑፍ በክብ ውስጥ ተቀምጦ ካገኙት፣ የዩቪኤ ጥበቃው ቢያንስ የኤስፒኤፉ ሲሶ ነው ማለት ነው፤ ይህ የአውሮፓ አሠራር ነው። ከጃፓን በመጣው አሠራር ደግሞ ፒኤ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ የመደመር ምልክት ይደረደራል፤ አራት ሲሆን ከፍተኛው ነው።

አሁን ወደ ቱቦዎቹ እንምጣ። በአንደኛው ውስጥ ካሉት ሁለት ማዕድናት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ በዩቪቢና በአጭሩ የዩቪኤ ክፍል ላይ ብርቱ ሲሆን፣ ረጅሙን የዩቪኤ ክፍል ይበልጥ የሚሸፍነው ዚንክ ኦክሳይድ ነው። እነዚህ ማዕድናት ጨረሩን እንደ መስታወት የሚመልሱ ይመስለን ነበር፤ በተግባር ግን አብዛኛውን ሥራቸውን የሚሠሩት ጨረሩን በመምጠጥ ነው። የሚመልሱት ዓይናችን የሚያየውን ብርሃን ነው፤ ፊትዎን አመድ የሚያስመስለውም ይኸው ነው። ታይታኒየም ብርሃንን የመስበር አቅሙ ከዚንክ በጣም ስለሚበልጥ ለንጣቱ ዋናው ተጠያቂ እርሱ ነው። ቅንጣቶቹን እጅግ ማድቀቅ ንጣቱን ይቀንሰዋል፤ ነገር ግን የታይታኒየም ቅንጣት በደቀቀ ቁጥር ጥበቃው ከዩቪኤ ወደ ዩቪቢ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ቀማሚ ሁልጊዜ በመልክና በጥበቃ መካከል ይመርጣል።

በሁለተኛው ቱቦ የረጅሙን ዩቪኤ ሸክም ለብቻው የተሸከመው አቮቤንዞን ነው። የመምጠጥ አቅሙ በ357 ናኖሜትር አካባቢ ከፍተኛ ሲሆን በዚህ ረገድ ድንቅ ነው፤ ድክመቱ ግን ፀሐይ ራሷ የምታፈርሰው መሆኗ ነው። ኦክቶክሪሊን አብሮት የተጨመረው ደግፎ እንዲያቆየው ነው፤ ኦክቲኖክሴት ከሚባለው ማጣሪያ ጋር ሲገናኝ ግን ይባስ ይፈርሳል። እንዲህ ያሉ ዘይታማ ማጣሪያዎች በላብ እየተነዱ ከግንባር ወደ ዓይን ስለሚወርዱ ያቃጥላሉ። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላሳስብዎ፦ አንደኛውን ቱቦ ከሁለተኛው ጋር መዳፍዎ ላይ አይቀላቅሉ። ማዕድናቱና አቮቤንዞኑ እንዳይጎዳዱ ታስቦ ያልተቀመመ ድብልቅ የዩቪኤ ጥበቃውን ሊያጠፋው ይችላል።

ሦስተኛው በእኔ ግምት ከሦስቱ የተሻለው ነው። ቤሞትሪዚኖል ዩቪቢንም ዩቪኤንም ይሸፍናል፣ በፀሐይ አይፈርስም፣ ሞለኪውሉም ትልቅ ስለሆነ ቆዳን ዘልቆ የመግባት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። ጉንጭዎን የሚያደርቀው ማጣሪያው ሳይሆን አልኮሉ ነው። ያው ማጣሪያ ቆዳን የሚያለሰልሱት ግሊሰሪንና ሴራማይድ ባሉበት ክሬም ውስጥ ሲገባ ለደረቅ ቆዳ ይመቻል፤ ስለዚህ ከማጣሪያው ስም ባሻገር የተሸከመውን ክሬም ዓይነትም ይመልከቱ።

ሩጫ ወዳድ

ቀማሚው ስለ ኦክቶክሪሊን በጻፉት ላይ የራሴን ገጠመኝ ልጨምር፤ ማንም ነግሮኝ ባለማወቄ ተጎድቼበታለሁና።

ጉልበቴ ታሞ ለሦስት ሳምንት ያህል ኬቶፕሮፌን ያለበት የሕመም ማስታገሻ ጄል ስቀባ ቆየሁ። ሕመሙ ተሻለኝና ጄሉን ካቆምኩ በኋላ ወደ ሩጫ ተመለስኩ፤ ከመውጣቴ በፊትም እግሬን ሙሉ በሙሉ በፀሐይ መከላከያ ክሬም ቀባሁ። በማግስቱ ሁለቱም ጉልበቶቼ ዙሪያ፣ ቀድሞ ጄሉን ስቀባበት የነበረው ቦታ ላይ ብቻ፣ እጅ ያረፈበት ይመስል ቅርጹን ጠብቆ ቀላ፣ አበጠ፣ ከዚያም ውኃ ቋጠረ። ከጉልበቴ በላይና በታች ያለው ቆዳ፣ ያው ክሬም ተቀብቶ ሳለ፣ ምንም አልሆነም። እኔ ክሬሙ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። የቆዳ ሐኪሙ ግን ጀርባዬ ላይ ትናንሽ ፕላስተሮች ለጥፎ፣ ከፊሉን ጨረር እያሳየ ከመረመረኝ በኋላ ጉዳዩን አስረዳኝ፦ ኬቶፕሮፌን ከፀሐይ ጋር ተገናኝቶ ሰውነቴን ለአለርጂ ያነሣሣው ሲሆን፣ በዚህ መንገድ አለርጂ የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ ለኦክቶክሪሊንና ኦክሲቤንዞን ለሚባለው ሌላ ማጣሪያም ይቆጣል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የሌሉበትን ብቻ ነው የምገዛው፤ ምንም ችግር ገጥሞኝ አያውቅም።

የሕመም ማስታገሻ ጄል የምትጠቀሙ ካላችሁ ከቱቦው ጀርባ ይህ ስም መኖር አለመኖሩን እባካችሁ ተመልከቱ።

የመንትዮች እናት

ልጆቼ አራት ዓመታቸው ነው፤ አንደኛው ኤክዜማ አለበት። የሚያስቆጣውን ነገር ፍለጋ ብዙ ስንከራተት ቆይተን የደረስንበት፣ ማጣሪያው ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ አለመሆኑን ነው። ልጄን ያሳክከው የነበረው ሽቶው ነበር። «ሽታ የሌለው» የሚለው ጽሑፍም አታሎኝ ነበር፤ ምክንያቱም የጥሬ ዕቃዎቹን ሽታ ለመሸፈን ሲባል ሽቶ ሊጨመርበት ይችላል። መፈለግ ያለብን ሽቶ ያልተጨመረበትን ነው፤ ለማረጋገጥም ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል።

አሁን ለእርሱ የምጠቀመው ዚንክ ኦክሳይድ ብቻ ያለበትን ወፍራም ክሬም ነው። ነጭ ሆኖ ቢታይም ያልተቀባውን ቦታ በዓይኔ ለይቼ ስለማይ ለልጅ ይህ ችግር ሳይሆን እርዳታ ሆኖልኛል። አዲስ ክሬም ሲመጣ መጀመሪያ የክርኑ መታጠፊያ ላይ ጠዋትና ማታ ለአንድ ሳምንት እቀባና እጠብቃለሁ፤ የዘገየ አለርጂ በአንድ ቀን ላይታይ ይችላልና። ስድስት ወር ላልሞላቸው ሕፃናት ግን ሐኪማችን የመከረን ክሬም ሳይሆን ጥላ፣ ባርኔጣና ሰውነትን የሚሸፍን ስስ ልብስ ነው።

ጥንቁቅ

ውይይቱን በአክብሮት ተከታትያለሁ፤ ነገር ግን ስለ ሁለተኛው ቱቦ በቂ ማስጠንቀቂያ የተሰጠ አይመስለኝም። እነዚህ ኬሚካሎች ከቆዳ አልፈው ደም ውስጥ እንደሚገቡ በጥናት ተረጋግጧል፤ ኮራል የሚባሉትን የባሕር አለቶች ይጎዳሉ ተብለውም በሕግ የተከለከሉ አሉ። ታዲያ ማዕድን ያለበትን ብቻ ተጠቀሙ ብሎ በአጭሩ መምከር አይሻልም ነበር? እኔ በበኩሌ ለቤተሰቤ ሌላውን ሁሉ ትቻለሁ።

ቀማሚው

ወንድሜ ጥንቁቅ፣ ያነሡት ጉዳይ እውነት የያዘ በመሆኑ በጥንቃቄ መመለስ ይገባል።

የጠቀሱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ነው። 24 ጤነኛ ፈቃደኞች ከሰውነታቸው 75 በመቶውን፣ በቀን አራት ጊዜ፣ ለአራት ቀናት በሙሉው የፈተና መጠን ተቀቡ። አቮቤንዞን፣ ኦክሲቤንዞን፣ ኦክቶክሪሊንና ኤካምሱል የተባለ ሌላ ማጣሪያ በደማቸው ውስጥ በሚሊሊትር ከ0.5 ናኖግራም በላይ ተገኙ። ይህ ቁጥር ግን የመርዛማነት ወሰን አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ አንድ ንጥረ ነገር ከዚህ በላይ ከገባ ተጨማሪ የደኅንነት ምርመራ ይደረግበት ብሎ ያስቀመጠው ደፍ ነው። በዚያው ዓመት ያቀረበው ረቂቅ ዚንክ ኦክሳይድንና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድን በነባሩ ማስረጃ ደኅና ናቸው ሲል፣ 12 ለሚሆኑ ሌሎች ማጣሪያዎች ተጨማሪ መረጃ ጠየቀ፤ ሰዎች መከላከያ መቀባታቸውን እንዳያቆሙም አሳሰበ። «መረጃው አልተሟላም» ማለትና «ጎጂ ነው» ማለት ለየቅል ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2022 ኦክሲቤንዞን መላ ሰውነት ላይ በሚቀቡ ክሬሞች ከ2.2 በመቶ፣ በፊት ክሬሞች ደግሞ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። እኔም ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ቢጠይቁኝ ኦክሲቤንዞንን አልመርጥም። ሌላ ምርጫ እያለ ለምን?

ሕጉን በተመለከተ፣ ሃዋይ እ.ኤ.አ. በ2018 አውጥታ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ክልከላ የሚመለከተው ኦክሲቤንዞንንና ኦክቲኖክሴትን ነው። በጥላዬ ሁለተኛ ቱቦ ውስጥ ሁለቱም የሉም።

ማዕድንን ብቻ መምከር ያልፈለግሁበት ምክንያት ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። ጠያቂያችን ራሳቸው እንደጻፉት፣ አመድ ስለሚያስመስላቸው አንደኛውን ስስ አድርገው ይቀቡታል። ደኅንነቱ የተመሰከረለት ክሬም በሩብ መጠን ከተቀባ ጠይሟን ሴት አይጠብቃትም። ለብዙ ዓመታት ይህ ምክር ለነጭ ቆዳ ታስቦ ሲሰጥ፣ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሰዎች ወይ ፊታቸው አመድ መስሎ እንዲውሉ ወይ ጨርሰው እንዲተዉት ተገደዋል፤ ይህን በሥራዬ በየቀኑ ስለማየው ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ማዕድን ቆዳዎ ላይ ካማረና በደንብ ከቀቡት ምርጫዎ መልካም ነው።

የምሽት ተረኛ

በቆዳ ሕክምና ክፍል ለዘጠኝ ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። የጥላዬን ጥያቄ ሳነብ እስካሁን ያልተነሣ ነገር አለና በእርሱ ልጀምር።

ማድያት የሚጠቁረው በአልትራቫዮሌት ጨረር፣ ማለትም በዩቪኤና በዩቪቢ፣ ብቻ አይደለም። በዓይናችን የምናየው ብርሃንም፣ በተለይ ሰማያዊው ክፍሉ፣ በቀለም የበለጸገ ቆዳን ያጠቁራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት የሚታይ ብርሃን በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቶሎ የማይለቅ ጥቁረት ሲያስከትል፣ በጣም ነጣ ባለ ቆዳ ላይ ግን ይህን እንዳላደረገ አሳይቷል። የጠቀሷቸው ሦስቱም ቱቦዎች የተሠሩት ለአልትራቫዮሌት ነው። ግልጽ ሆኖ የሚጠፋ ክሬም የሚታየውን ብርሃን ሊያግድ አይችልም፤ ቢያግድማ እኛም ባየነው ነበር። ለዚህ የሚያገለግለው አይረን ኦክሳይድ ነው፤ ብጫ፣ ቀይና ጥቁር ሆኖ የሚገኝ፣ ለክሬሙ የቆዳ ቀለም የሚሰጠው የብረት ውሁድ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ሌላ ጥናት ማድያት ያለባቸው ሰዎች ሕክምናቸውን ሳያቋርጡ ለ8 ሳምንታት መከላከያ ሲጠቀሙ፣ አይረን ኦክሳይድ ያለበትን የተቀቡት ከሌሎቹ የተሻለ ለውጥ አግኝተዋል።

ስለዚህ ለማድያት የምመርጠው ቀለም ያለውን ነው። በተጨማሪም ቀለሙ የዚንክን ንጣት ይሸፍነዋል፤ ከአንደኛው ቱቦ ጋር ያጣላዎትን ነገር ያስታርቅልዎታል ማለት ነው። ሲገዙ በእጅዎ ጀርባ ላይ ሳይሆን በመንጋጋዎ ጠርዝ ላይ ቀብተው፣ ወደ መስኮት ብርሃን ወጥተው ይመልከቱ፤ የመንጋጋና የእጅ ቀለም አንድ አይደለም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። አንድ ቱቦ ስንት ጊዜ ይቆይልዎታል? መጠኑስ ስንት ግራም ነው?

ጥላዬ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቱቦዎቹ እያንዳንዳቸው 50 ግራም ናቸው። አንዱ ለስድስት ወር ያህል ይቆይልኛል፤ ቆጥቤ ስለምጠቀም ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

የምሽት ተረኛ

እንደፈራሁት ነው። ስድስት ወር 180 ቀን ያህል ነው። 50 ግራም ለ180 ቀን ሲካፈል ለአንድ ቀን የሚደርሰው 0.28 ግራም ገደማ ይሆናል። የአዋቂ ሰው ፊት በፈተናው ልክ ለመሸፈን ግን 1 ግራም ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ የተቀቡት የሚገባውን ሩብ ያህል ነው። መጠኑ ሲያንስ ጥበቃውም ቢያንስ በዚያው ልክ ስለሚያሽቆለቁል፣ ቱቦው ላይ ያለው 50 ፊትዎ ላይ 50 ሆኖ አያውቅም። ይህን የምለው ልወቅስዎ አይደለም፤ ወደ ክፍላችን ከሚመጡት ታካሚዎች አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው፤ መጠኑን የነገራቸው ሰው የለም።

በሚዛን መለካት አያስፈልግም። ከአመልካች ጣትዎና ከመሐል ጣትዎ ሥር እስከ ጫፋቸው ድረስ ክሬሙን መስመር አድርገው ያውጡ፤ ያ ለፊት የሚበቃው ነው። በአንድ ጊዜ ከበዛብዎት ግማሹን ቀብተው፣ ሲደርቅ ቀሪውን ይድገሙ። ውጭ የሚውሉ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ፣ ካላበዎት ደግሞ ከዚያም ቀደም ብለው ይድገሙት። ማድያትን የሚያባብሱ ሌሎች ነገሮችም አሉ፤ የእርግዝና መከላከያ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ፣ ሙቀትም ለአንዳንድ ሰው ያባብሰዋል።

ብጉር ያስቸገረው

እኔ ደግሞ ቆዳዬ እጅግ ወዛም ነው፤ ክሬም በቀባሁ ቁጥር ብጉር ይበዛብኛል። በዚህ ምክንያት ለአንድ ዓመት ተውኩት፤ አሁን ግን ብጉሩ ሲድን የሚተወው ጥቁር ምልክት ለወራት አይለቅም። «ቀዳዳ አይደፍንም» የተባለ ሁለት ገዝቼ ሁለቱም ያው ሆኑብኝ። ዶክሲሳይክሊን የሚባል ክኒንም ታዞልኛል።

ቀማሚው

ያ ጽሑፍ አንድ ወጥ መለኪያ ስለሌለው ብዙ አይመኩበት። የሚጠቅምዎት የዝርዝሩን የመጀመሪያዎቹን ሰባት ስምንት ስሞች ማየት ነው፤ ንጥረ ነገሮቹ በብዛት ከብዙ ወደ ጥቂት ስለሚደረደሩ የክሬሙን ጠባይ የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። ከፊት ከፊት ቅቤና ሰም ካዩ ይተዉት፤ ሲሊካ ወዝን ይመጥጣል፣ ናያሲናማይድ ደግሞ ለብጉርም ለጥቁር ምልክቱም ይረዳል። እንደ ጥላዬ ሦስተኛ ቱቦ ያለ፣ አልኮል ያለበት ጄል ጉንጭ ቢያደርቅም ለእርስዎ ሊስማማ ይችላል። ማታ በደንብ መታጠብዎንም አይዘንጉ፤ ላብና ውኃ የሚቋቋም ክሬም በውኃ ብቻ አይለቅም።

የምሽት ተረኛ

ክኒኑን በተመለከተ ግን ቸል አይበሉ። ዶክሲሳይክሊን ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል፤ ክኒኑን እየወሰዱ ያለ መከላከያ መውጣት ጠይም ሰውንም ሊያቃጥለው ይችላል። ማታ ሬቲኖይድ የተባለውን የቆዳ መድኃኒት የሚቀቡ ከሆነም እንዲሁ ጥንቃቄ ያስፈልግዎታል።

አንድ አንባቢ

ቆዳዬ ጥቁር ነው፤ በሕይወቴ ፀሐይ አቃጥሎኝ አያውቅም። ይህ ሁሉ ለእኔ ያስፈልገኛልን?

የምሽት ተረኛ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ እንደሚፈልጉት ይለያያል። ጥቁር ቆዳ የራሱ ጥበቃ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በተደረገ ልኬት የላይኛው የጥቁር ቆዳ ሽፋን ከኤስፒኤፍ 13 ጋር የሚቀራረብ ጥበቃ ሲኖረው የነጭ ቆዳ 3 ገደማ ነበር። ከዚህ የተነሣ ከፀሐይ የሚመጣ የቆዳ ካንሰር በጥቁር ቆዳ ላይ ብርቅ ነው። በናምቦር፣ አውስትራሊያ ከ1,600 በሚበልጡ ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት በየቀኑ መከላከያ መቀባት ስኳመስ ሴል የተባለውን የቆዳ ካንሰር በ40 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ቢያሳይም፣ ውጤቱ በአብዛኛው ነጣ ያለ ቆዳ ያላቸውን ሰዎች የሚመለከት ነው። ያንን ቁጥር ለእርስዎ እንዳለ ማምጣት ተገቢ አይመስለኝም።

በጥቁር ቆዳ ላይ የሚታየው ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማይደርስበት፣ በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ያረፈው ቦብ ማርሌይም የታመመው በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር በጀመረ ሜላኖማ ነበር። ለዚህ ክሬም አይረዳም፤ የሚረዳው ውስጥ እግርንና ጥፍርን ማየት፣ ጥፍር ሥር እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር ወይም የማይድን ቁስል ሲገኝ ሳይዘገዩ መመርመር ነው። ማድያት፣ የብጉር ጥቁረት ወይም ፀሐይ የሚያስቆጣው በሽታ ካለብዎ ግን መከላከያው ያስፈልግዎታል፤ እርሱም አይረን ኦክሳይድ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። በቆዳቸው ውስጥ ቀለም ለሌላቸው፣ አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖቻችን ደግሞ ነገሩ የመልክ ጉዳይ አይደለም። ከሕፃንነት ጀምሮ ልብስ፣ ባርኔጣና ከፍተኛ መከላከያ ሳይጓደል ያስፈልጋቸዋል፤ ካንሰሩ በወጣትነታቸው የሚይዛቸው ስላሉ።

ጥላዬ

ከአሥራ አንድ ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጥቻለሁ። በምክራችሁ መሠረት ዚንክ ኦክሳይድና አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ አልኮል የሌለበት አራተኛ ቱቦ ገዛሁ። የመጀመሪያው የመረጥኩት ቀለም በመስኮት ብርሃን ሲታይ ቀይ ስላበዛብኝ፣ ብጫ በሚያመዝነው ቀየርኩት። የመጀመሪያው ሳምንት ከብዶኝ ነበር፤ ሁለት ጣት ሙሉ ክሬም ፊቴ ላይ የሚያልቅ አይመስልም። ግማሹን ቀብቼ፣ ጥርሴን እስክቦርሽ ጠብቄ ቀሪውን መድገም ስጀምር ግን ለመድኩት። ግንባሬ ላይ አሁንም ወዙ ቀድሞ ስለሚታይ እኩለ ቀን ላይ በስስ ወረቀት ተጭኜ እመጥና ከላይ እደግማለሁ።

ማድያቱ ጠፍቷል አልልም። ከላይኛው ከንፈሬ በላይ ያለው ግን ጠርዙ ደብዝዞ ከቆዳዬ ጋር መቀላቀል ጀምሯል፤ ጉንጬ ላይ ያለው ደግሞ ካለበት አልጠቆረም። በየሳምንቱ እሑድ ጠዋት በአንድ መስኮት ፊት ፎቶ ስለምነሣ ልዩነቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ አይቼዋለሁ። ሐኪሜም ማታ የሚቀባ መድኃኒት ጨምረውልኛል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ሁለተኛውን ቱቦ አጋምሼ መሳቢያ ውስጥ ትቼዋለሁ፤ የአገልግሎት ጊዜው ሊያልፍ ሁለት ወር ቀርቶታል። ለእጄና ለአንገቴ ብጨርሰው ምን ይላሉ?

ቀማሚው

እኔ ብሆን እጥለዋለሁ። ኦክቶክሪሊን በጊዜ ብዛት ቀስ በቀስ እየተለወጠ ለጤና ያሰጋል ተብሎ የሚጠረጠር፣ ቤንዞፌኖን የሚባል ንጥረ ነገር እንደሚፈጥር በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ስለዚህ ይህን ማጣሪያ የያዘን ክሬም አዲስ እያለ መጨረስ እንጂ ማስቀመጥ አልመክርም። ሽታው ከተለወጠ ወይም ዘይቱ ከውኃው ከተለየማ ጥርጥርም አያስፈልገውም። አዲሱን ቱቦም ሙቀት ከሚይዝበት ቦታ፣ በተለይ ፀሐይ ላይ ከቆመ መኪና ውስጥ ያርቁት። ለአንገትዎና ለእጅዎ ያንኑ አራተኛውን ይጠቀሙ፤ መጠኑን ግን ለፊት ካልነው ላይ ሳይቀንሱ፣ ለብቻው ይጨምሩ።

ጥላዬ

ጣልኩት። አራተኛው ቱቦም፣ 50 ግራሙ፣ በ44ኛው ቀን ባዶ ሆኖ አሁን አምስተኛውን እየተጠቀምኩ ነው።